ውኃው ለጠጪው የተተወ ውስኪ፦ በርሜል ውስጥ የቆየና ያልቀጠነ ቡርበን አከፋፈትና አጠጣጥ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በገና ዕለት፣ ደብረ ብርሃን ጋሼ ቤት፣ የጋሼ የበኩር ልጅ ከአሜሪካ ያመጣውን የቡርበን ውስኪ የከፈትኩት እኔ ነበርኩ፤ የቀዳሁትም እኔ ስለሆንኩ ጥፋቱ የእኔ ነው። በጠርሙሱ ላይ «12 ዓመት» እና «65 በመቶ» የሚሉ ሁለት ቁጥሮች ተጽፈው ነበር። እኔ ግን ቁጥሮቹን እንደ ማዕረግ አንብቤ አለፍኳቸውና እንደ አረቄ በመለኪያ እስከ አፍ ሞልቼ አደልኩ። ጋሼ እንደ ልማዳቸው ባንድ ትንፋሽ ጨለጡት። ዐይናቸው እንባ አቀረረ፤ ድምፃቸው እስኪመለስ ድረስ ትንሽ ቆዩና «ልጄ፣ ይኼ ውኃው የተረሳ ነው» አሉኝ።

በሳቅ ያለፍነው ይህ ንግግር በኋላ ሳጣራው ከቀልድ በላይ ሆኖ አገኘሁት። ገበያ ላይ የምናውቀው አብዛኛው ውስኪ ከበርሜል ከወጣ በኋላ ፋብሪካው ውስጥ በውኃ ቀጥኖ፣ አልኮሉ ወደ 40 ወይም 43 በመቶ ወርዶ ይታሸጋል። በበርሜሉ ጥንካሬ የሚታሸገው ግን ያ ውኃ ሳይጨመርበት ይወጣል፤ መጠኑን የመወሰኑ ሥራ ለጠጪው ተትቷል። ይህ መመሪያ በአብዛኛው ስለዚያ ውኃ ነው።

ቡርበን በአሜሪካ የሚሠራ ውስኪ ሲሆን፣ የአገሪቱ ሕግ ከሚጠመቅበት እህል ቢያንስ 51 በመቶው በቆሎ እንዲሆን ያስገድዳል። የቀረው ብዙ ጊዜ ራይ የተባለው የብርድ አገር እህል ወይም ስንዴ፣ ከዚያም የገብስ ብቅል ነው። ሲነጠር ከ80 በመቶ አልኮል ማለፍ፣ ወደ በርሜል ሲገባም ከ62.5 በመቶ መብለጥ አይፈቀድለትም። በርሜሉ አዲስ፣ ከኦክ እንጨት የተሠራና ውስጡ በእሳት የከሰለ መሆን አለበት፤ ቀለምም ሆነ ማጣፈጫ አይጨመርበትም። የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1964 ቡርበንን የአገሪቱ መለያ ምርት ነው ብሎ ስለወሰነ፣ ሌላ አገር ተሠርቶ በዚህ ስም እዚያ ሊሸጥ አይችልም።

ስለ ከሰለው በርሜል ለማስረዳት እኛ አገር ረጅም መንገድ መሄድ አያስፈልግም። የጋሼ ባለቤት እትዬ ለጠላ የሚያዘጋጁትን ጋን በግራዋ ቅጠል ፈትገው ካጠቡ በኋላ በወይራ ጭስ የሚያጥኑ ባለሙያ ናቸው። የዚያን ዕለት መጠጡን አልቀመሱም፤ ባዶውን መለኪያ ብቻ አንሥተው ሁለት ጊዜ አሸተቱና «ጋኑን አሳምረው አጥነውታል» አሉ፤ ስለ በርሜል ገና አንድም ቃል አልተነገራቸውም ነበር። ወይራው ጋኑ ላይ የሚተወው የጭስ መዓዛ ነው፤ ጠላውም የሚቆይበት ቀናት ነው። የኦክ በርሜል ውስጥ ግን እሳቱ የእንጨቱን አካል ራሱን ይለውጠዋል፦ ከከሰሉ ሥር ያለው የእንጨት ስኳር ወደ ተቃጠለ ስኳርነት ይሄዳል፤ የቫኒላን መዓዛ የሚሰጠው ቫኒሊን ይወጣል፤ ከሰሉም ሻካራውን የአዲስ አረቄ ጠረን ያጣራል። ቡርበኑ ከዚህ እንጨት ጋር ዓመታት ይኖራል፤ የምናየው ቀይ ቡናማ ቀለም በሙሉ የመጣው ከዚያ ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ ቁጥሮች እንመለስ፤ ጠርሙሱን ከመክፈት በፊት መነበብ ያለባቸው እነርሱ ናቸውና።

በአሜሪካ ጠርሙስ ላይ «ፕሩፍ» የሚለው መለኪያ የአልኮሉ መቶኛ እጥፍ ነው፤ 130 ፕሩፍ ማለት 65 በመቶ ማለት ነው። «ባሬል ፕሩፍ» ተብሎ የተጻፈበት ደግሞ በርሜሉ ሲገለበጥ ከነበረው ጥንካሬ ከ2 ፕሩፍ በላይ ያልቀነሰ መሆን አለበት። አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ማንሣቱ አይቀርም፦ ወደ በርሜል ሲገባ ከ62.5 በመቶ የማይበልጥ መጠጥ እንዴት 65 ወይም 68 በመቶ ሆኖ ይወጣል? ምክንያቱ አብዛኛው ቡርበን የሚሠራበት የአሜሪካ ግዛት፣ የኬንታኪ መጋዘን ነው። በርሜሎቹ ፎቅ በፎቅ ተደርድረው በሚቀመጡበት መጋዘን ውስጥ የላይኛው ፎቅ በበጋ እጅግ ይሞቃል፣ አየሩም ይደርቃል፤ በእንጨቱ በኩል ከአልኮሉ ይልቅ ውኃው ፈጥኖ ይወጣል፤ የቀረው በየዓመቱ ይጠነክራል። ቀዝቃዛና እርጥብ በሆነችው ስኮትላንድ የሚሆነው ተቃራኒው ነው፤ እዚያ በርሜል ውስጥ የቆየ ውስኪ ጥንካሬው እየወረደ ይሄዳል።

መጠጡን የሚያስመጡት ከውጭ በሚመጣ ዘመድ በኩል ከሆነ ይህ ቁጥር ሌላም ጥቅም አለው። በአውሮፕላን ሕግ መሠረት ከ24 በመቶ በላይ እስከ 70 በመቶ የሆነ መጠጥ፣ ፋብሪካው እንዳሸገው፣ በሻንጣ ውስጥ ለአንድ መንገደኛ እስከ 5 ሊትር ይፈቀዳል፤ ከ70 በመቶ ያለፈ ግን በእጅም ሆነ በሻንጣ ፈጽሞ አይፈቀድም። ከእነዚህ ቡርበኖች አንዳንዶቹ ያንን መስመር ያልፋሉ፤ ወዳጆቻቸውም በአደገኛ ጭነት ስም «ሃዝማት» ይሏቸዋል። ስለዚህ ዘመድዎ ከመግዛቱ በፊት የጠርሙሱን ፎቶ ይላክልዎ፤ ቁጥሩን አብራችሁ አንብቡት።

ሁለተኛው ቁጥር ዕድሜው ነው፤ በብዛት የምንሳሳተውም በእርሱ ነው። የተጻፈው ዓመት ጠርሙሱ ውስጥ ከተቀላቀሉት በርሜሎች የወጣቱን ዕድሜ ያመለክታል። የሚቆጠረውም በርሜል ውስጥ ያለፈው ጊዜ ብቻ ነው፤ ጠርሙስ ውስጥ ውስኪ አያረጅም። የ12 ዓመት ቡርበን ለልጅ ሠርግ ተብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ አሥር ዓመት ቢቀመጥ፣ የሠርጉ ዕለት ያው የ12 ዓመት ቡርበን ነው።

ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ይሻላል የሚለውም ቡርበን ላይ ሁልጊዜ አይሠራም። የስኮትላንድ ውስኪ ሠሪዎች ያገለገለ በርሜል ስለሚጠቀሙ፣ እንዲያውም ብዙውን ከቡርበን ሠሪዎች ስለሚገዙ፣ እንጨቱ ለዘብ ያለ ነው፤ 18 እና 25 ዓመት ይሸከማሉ። ቡርበን ግን ገና አዲስ በከሰለ እንጨት ውስጥ፣ በኬንታኪ ሙቀት ነው የሚቀመጠው። ሲሞቅ ወደ እንጨቱ ይሰርጋል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል፤ በእያንዳንዱ ምልልስ ከጣፋጩ ጋር መራራና ምላስ የሚያደርቅ ነገር ይዞ ይወጣል። ከ12 ዓመት በላይ የቆየ በርሜል ግማሽና ከዚያም በላይ የሚሆነው መጠጥ ተንኖ ሊያልቅ ይችላል፤ የቀረው ዋጋው የሚሰቀለው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። በእኔ አፍ ከ10 እስከ 15 ዓመት ያለው መካከል ሚዛኑን የጠበቀ ነው። ከ20 ዓመት በላይ የሆነውን የቀመስኩት አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ በጣም የቆየ ሻይ ጠረንና ጣዕም ነበረው፤ የሚወዱት ብዙ ናቸው፣ እኔ ግን ገንዘቤን አላወጣበትም።

ኢላይጃ ክሬግ ባሬል ፕሩፍ የተባለው ቡርበን በዚህ ረገድ ለንባብ ጥሩ መማሪያ ነው። በዓመት ሦስት ጊዜ ይወጣል፤ ለረጅም ጊዜም 12 ዓመት የሚል ዕድሜ ይዞ ቆይቷል። በጠርሙሱ ላይ ያለው አጭር ምልክት ለምሳሌ «ቢ520» ቢል፣ ፊደሉ የዓመቱ ሁለተኛ ዙር መሆኑን፣ 5 ወሩን፣ 20 ደግሞ እ.ኤ.አ. 2020ን ያመለክታል። ጥንካሬው ከዙር ዙር ስለሚለያይ፣ ያለፈው ጠርሙስ ላይ የለመዱትን የውኃ መጠን ለአዲሱ መድገም ስሕተት ይሆናል።

ጠርሙሱን ሁልጊዜ ቀጥ አድርገው ያቁሙት። እኔ እንደ ወይን አጋድሜ ለወራት አስቀምጬ፣ ስከፍተው ቡሹ በመካከሉ ተበጥሶ ግማሹ አንገቱ ውስጥ ቀርቶብኛል፤ ይህን ያህል ጠንካራ አልኮል ቡሽን ይበላል። እንዲህ ከሆነብዎ መጠጡ አልተበላሸም፤ የቀረውን ቡሽ ወደ ውስጥ ገፍተው፣ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አጥልለው ወደ ሌላ ጠርሙስ ማዛወር ይበቃል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ ዝቅተኛ አገር ላይ የታሸገ ጠርሙስ ሲከፈት ከውስጥ አየር ገፍቶ ቡሹን ሊያስጮኸው ይችላል። ቡሹን በአውራ ጣት ይዞ ቀስ አድርጎ መጠምዘዝ ነው።

ስለ መጠጫው፣ መለኪያ ለዚህ አይሆንም። አፉ ሰፊ፣ ሆዱ ጠባብ ስለሆነ መዓዛው ይበተናል፤ ይልቁንም ውኃ የሚጨመርበት ቦታ የለውም። ብርሌ ደግሞ መልኩ ቢያምርም አንገቱ ከመጠን በላይ ጠባብ ስለሆነ የ65 በመቶ አልኮል ትነት እንደ መርፌ አፍንጫ ይወጋል፤ ሞክሬው ዐይኔን አልቅሼ ነው የተውኩት። የተሻለው ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ትንሽ የወይን ብርጭቆ ነው። በደብረ ብርሃን የታኅሣሥ ምሽት፣ ሜዳው አመዳይ በሚጥልበት ጊዜ፣ ብርጭቆው ራሱ ከቁም ሣጥን ሲወጣ በረዶ ስለሚሆን የውስኪው መዓዛ ይታፈናል። በሁለት መዳፍ ታቅፎ ጥቂት ደቂቃ ማሞቅ ይጠቅማል፤ ወደ ከሰል ምድጃው ማስጠጋት ግን በፍጹም አይሞከር፣ የዚህ መጠጥ ትነት ከእሳት ጋር አይቀላለድም።

የሚቀዳው 30 ሚሊ ሊትር ይሁን፤ ልኩን የማያውቁት ከሆነ በሾርባ ማንኪያ ሁለት ማለት ነው። ከቀዱ በኋላ ለአምስት ወይም አሥር ደቂቃ ይተዉት። ሲያሸቱ አፍንጫዎን ብርጭቆው ውስጥ አይክተቱ፤ አገጭዎ አካባቢ ይዘው፣ አፍዎን ገርበብ አድርገው፣ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ያምጡት። መጀመሪያ የሚመጣው አልኮሉ ነው፤ ከእርሱ ኋላ የተቃጠለ ስኳር፣ ቫኒላ፣ የደረቀ ፍሬ፣ አንዳንዴም ቀረፋና አዲስ የተሰነጠቀ እንጨት ይከተላል። ከዚያ ከጥቂት ጠብታ ያልበለጠ ብቻ ምላስዎ ላይ ያድርጉ። ይህ የመጀመሪያው ምላስን ማስለመጃ እንጂ መፍረጃ አይደለም፤ ሁለተኛው ነው ጣዕሙን የሚያሳየው። ያለ ውኃ መቅመሱ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከየት እንደተነሡ ለማወቅ ያህል ይበቃል።

አሁን ውኃው። ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም የክሎሪን ሽታ የሌለው ንጹሕ ውኃ ያዘጋጁ፤ ሙቀቱ የክፍሉ ሙቀት ይሁን። የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ከፋርማሲ የሚገዛ መርፌ የሌለው ስሪንጅ ካለ ደግሞ የበለጠ ትክክለኛ ነው። 65 በመቶ የሆነ 30 ሚሊ ሊትር ቡርበን ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ውኃ ቢጨምሩ ወደ 56 በመቶ ይወርዳል፤ ሁለተኛው ወደ 49፣ ሦስተኛው ወደ 43፣ አራተኛው ወደ 39 ያወርደዋል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ የቀዱትን መጠን በጥንካሬው አባዝተው፣ ሊደርሱበት ለሚፈልጉት ጥንካሬ ሲያካፍሉት፣ የሚያገኙት ውኃውን ጨምሮ በብርጭቆው ውስጥ መኖር ያለበት ጠቅላላ መጠን ነው።

ይሁን እንጂ ማንኪያውን ባንድ ጊዜ አይገልብጡት። ግማሹን ይጨምሩ፣ ብርጭቆውን አንድ ጊዜ ያዙሩት፣ ሁለት ደቂቃ ይጠብቁና ያሽትቱ፤ ከዚያ ይቅመሱ፤ ከዚያ ሌላውን ግማሽ። አልኮሉ ሲቀንስ ከሥሩ ታፍነው የነበሩት መዓዛዎች ተራ በተራ ይወጣሉ። በጋሼ ጠርሙስ ላይ መጀመሪያ የሸተተኝ እንጨት ብቻ ነበር፤ ከአንድ ማንኪያ በኋላ የበሰለ ሙዝና ቫኒላ መጣ፤ ከሁለተኛው በኋላ፣ ማለትም 49 በመቶ አካባቢ፣ እትዬ «የተቆላ በቆሎ» ያሉት ሽታ በግልጽ ወጣ፤ ሦስተኛው ላይ ደግሞ ጣፋጭነቱ ሳስቶ የእንጨቱ ምሬት ብቻውን ቀረ። እንግዲህ የዚያ ጠርሙስ ማረፊያ ሁለት ማንኪያ ነበር ማለት ነው። የእርስዎ አንድ ተኩል ወይም ሦስት ሊሆን ይችላል፤ የሚያገኙትን ቁጥር ጠርሙሱ ላይ በወረቀት ይለጥፉት። በታዋቂው ቡርበን ሠሪ በጂም ቢም የልጅ ልጅነቱ የሚታወቀውና እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በስሙ ያልቀጠነ ቡርበን ያወጣው ቡከር ኖ ራሱ የገዛ ውስኪውን በብዙ ውኃ ይጠጣ እንደነበር ይነገርለታል፤ ውኃ መጨመር የወንድነት ጉድለት ለሚመስላቸው የሠፈሬ ሰዎች ይህን ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ።

በብርድ አገር አንድ ነገር ሊያስደነግጥዎ ይችላል። ቡርበኑ ከ46 በመቶ በታች ሲወርድና ሲቀዘቅዝ፣ ጥርት ብሎ የነበረው መጠጥ ስስ ጭጋግ ሊለብስ ይችላል። ከእህሉና ከእንጨቱ የመጡ ቅባትነት ያላቸው ነገሮች በጠንካራ አልኮል ውስጥ ሟምተው ይኖራሉ፤ ውኃው ሲበዛና ሲቀዘቅዝ ግን መሟማታቸው ይቀርና ይታያሉ። ብዙ ፋብሪካዎች ይህን ለመከላከል ውስኪውን አቀዝቅዘው ያጣሩታል፤ ባልቀጠነው ላይ ግን ብዙውን ጊዜ አያደርጉትም። ስለዚህ ጭጋጉ የማጭበርበር ምልክት አይደለም፤ በመዳፍ ሲሞቅ መልሶ ይጠራል።

በረዶ እኛ ዘንድ አያስፈልግም፤ አየሩ ይበቃል። በለስላሳ ማቀላቀልም ያስኬዳል፣ ግን ለዚያ ርካሹ ውስኪ አለ። አብሮ የሚቀርበው የተቆላ ገብስ ቆሎ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ሱፍ ወይም ኑግ ከተቀላቀለበት ይበልጥ። ቅመም የበዛበት ወጥ ምላስን ስለሚይዝ አስቀድሞ በልቶ፣ አፍን በውኃ ተጉመጥሙጦ፣ ትንሽ ቆይቶ መጀመር ይሻላል። በባዶ ሆድ ግን አይነካም።

ስለ መጠኑ ግልጽ መሆን አለብን። ከዚህ ውስኪ 30 ሚሊ ሊትር ውስጥ ያለው ንጹሕ አልኮል 19.5 ሚሊ ሊትር ነው፤ በ40 በመቶው ውስጥ 12 ብቻ ነው። አንድ ሲጠጡ ከተለመደው ውስኪ አንድ ተኩል አልፈዋል፤ ውኃው ጉሮሮን ያለዝባል እንጂ የጠጡትን አልኮል አይቀንሰውም። በአንድ ምሽት ከሁለት በላይ አልቀዳም፤ ከጠጣሁም መሪ አልይዝም። የጣርማበርን ቁልቁለት በጉም የነዳ ሰው ለምን እንደሆነ አይጠይቀኝም።

በእሳት መፈተንን በተመለከተ፦ አረቄን በክብሪት ለኩሶ ጥራቱን የሚያይ ሰው በየሰፈሩ አለ። እሳቱ የሚናገረው አልኮል መኖሩን ብቻ ነው። መርዛማው ሜታኖልም ይነዳልና ሐሰተኛ ውስኪን በዚህ መለየት አይቻልም። 65 በመቶ የሆነ መጠጥ ደግሞ ነበልባሉ እጅ ላይ ሊመጣ ይችላል። ማኅተሙ የተነካ፣ የታተመው ጽሑፍ የፊደል ስሕተት ያለበት፣ ዕድሜውና ፕሩፉ በግልጽ ያልተጻፈ ጠርሙስ ከሆነ ባይገዛ ይሻላል።

ከተከፈተ በኋላ ዋናው ጠላቱ ሙቀት፣ ብርሃንና ጠርሙሱ ውስጥ የሚገባው አየር ነው። በዚህ ረገድ የደብረ ብርሃን ቀዝቃዛና ጨለማ ጓዳ ከሸዋ ሮቢት ሞቃት ቤት እጅግ ይሻላል። ግማሽ እስኪሆን ድረስ ብዙም አይለወጥም። ሲሶው ሲቀር ግን አየሩ ስለሚበዛበት፣ በፈላ ውኃ ታጥቦ ፈጽሞ ወደ ደረቀ ትንሽ የመስታወት ጠርሙስ እስከ አንገቱ ሞልቶ ማዛወር ነው። ባዛወሩበት ጠርሙስ ላይ ምንነቱንና ጥንካሬውን መጻፍ ግዴታ ነው፤ ጓዳ ውስጥ አረቄ መስሎት የሚቀዳ ሰው አይጠፋምና። የጋሼ ቤቱ ትንሽ ጠርሙስ አሁንም ከእትዬ የቅቤ ማሰሮ ጎን ቆሟል፤ በፕላስተር ላይ በጋሼ የእጅ ጽሑፍ «65፤ ሁለት ማንኪያ ውኃ» ተብሎ ተጽፎበታል።